ቫይኪንግ፣ ሀትራስ ወይስ በትእዛዝ የሚሠራው? ስለ ትልልቅ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባዎች

ሐይቅ_ማዶ
ሰላም ለዚህ ቤት። «ሞተርና መኪና» ክፍል ውስጥ የከፈትኩት ለጀልባ የሚሆን ክፍል ስለሌለን ነው፣ አስተዳዳሪዎች ታገሱኝ። እኔ የሐይቅ ልጅ ነኝ፤ አሁን ፍሎሪዳ በአንድ ባለጸጋ ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ላይ እሠራለሁ፣ የሞተሩን ክፍል የያዝኩት እኔ ነኝ። አሠሪዬ ያለውን ባለ 70 ጫማ ሸጦ ሌላ ሊገዛ ነው። ሐሳቡ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፦ ቫይኪንግ፣ ሀትራስ፣ ወይም ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በትእዛዝ የሚሠራ የእንጨት ጀልባ። ካፒቴኑ የሁላችንንም አስተያየት ጠይቋል። የራሴን ይዣለሁ፤ ግን የኮምቦልቻ የናፍጣ ሰዎች ምን እንደምትሉ መስማት ፈለግሁ።

ለማያውቀው ያህል፣ ይህ ጀልባ ከፊቱ ሲያዩት ሆቴል ነው። ሳሎን አለው፣ ወጥ ቤት አለው፣ አራት አምስት መኝታ ክፍል አለው። ሥራው ያለው ግን ከኋላ ነው። የኋላው መደብ ወደ ውኃው ዝቅ ያለ ነው፤ መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ወንበር ተተክሏል፣ ማርሊን (አፍንጫው እንደ ጦር የሾለ ትልቅ የባሕር ዓሣ) የነከሰለት ሰው እዚያ ተቀምጦ ይታገላል። ካፒቴኑ ፎቅ ላይ ቆሞ ጀልባውን ወደኋላ እየነዳ ዓሣውን ያሳድዳል። አዎ፣ ወደኋላ! ማርሊኑ ክሩን ይዞ ሲሸሽ መጠቅለያው ተራቁቶ እንዳይቀር ነው። በዚያን ጊዜ ማዕበሉ የኋላውን ግድግዳ ዘሎ ይገባል፤ ጉልበታችን ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመን፣ አንዱ በጓንት የክሩን ጫፍ እጁ ላይ እየጠመጠመ ይስባል፣ ሌላው ከኋላው ቀበቶውን ይይዘዋል። ውኃው በጎን ቀዳዳዎች ቶሎ ካልወጣ ጉድ ነው። ስለዚህ ሰው የሳሎኑን እንጨት ሲያደንቅ እኔ የማየው የኋላውን ነው።

ወደ ነገሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ቫይኪንግን በ1964 የመሠረቱት ቦብ እና ቢል ሂሊ የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ ፋብሪካው ኒው ጀርሲ፣ ኒው ግሬትና ነው። አብዛኛውን ነገር ራሳቸው ይሠሩታል፤ የአሉሚኒየም ማማውን የሚሠራውም፣ ኤሌክትሮኒክሱን የሚገጥመውም የራሳቸው ድርጅት ነው። ትልቁ ሞዴል ባለ 92 ጫማው ነበር፣ አሁን ባለ 90ው ተክቶታል። ሞተሩ ሁለት ባለ 16 ሲሊንደር ኤምቲዩ (የጀርመን ሥሪት)፣ እያንዳንዱ 2,635 የፈረስ ጉልበት። ከ80 ቶን በላይ ተሸክሞ ወደ 40 ኖት ይጠጋል።

ሀትራስን የጀመረው ዊሊስ ስሌን ነው፣ ሰሜን ካሮላይና ሃይ ፖይንት ውስጥ። ሃይ ፖይንት ከባሕር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የራቀች፣ በቤት ዕቃ የታወቀች ከተማ ናት! የመጀመሪያው ጀልባ፣ ባለ 41 ጫማው፣ በ1960 ውኃ ላይ ሲወርድ ትልልቁ ጀልባ ሁሉ ገና እንጨት ነበር፤ እሱ ግን ፋይበርግላስ። ኋላ ፋብሪካው ወደ ኒው በርን፣ ወደ ውኃው ዳር ሄደ። ባለቤትነቱ ከእጅ እጅ ዞሯል፤ በ2021 የባስ ፕሮ ሱቆች ባለቤት የሆነው ወገን ገዝቶታል።

የኔ ድምፅ፦ ከ80 ጫማ በላይ ከሆነ ቫይኪንግ። አሠሪዬ ወደ 65 መውረድ ከፈቀደ ግን የእንጨቱ።

ሸዋበር_ፒያሳ
ወይ ጉድ! 40 ኖት ማለት በኛ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ አይደል? እንግዲያው ሐይቅን ከዳር እስከ ዳር በአምስት ደቂቃ ጨረሰው። ከዚያስ? ደግሞስ ስፋቱ 7 ሜትር ያለፈ ነገር ሐረጎን እንዴት አድርጎ ነው የሚወጣው? ሎቤዱ መታጠፊያው ላይ የቆመ ቀን ደሴና ኮምቦልቻ ተቆራረጡ በሉ።

ሐይቅ_ማዶ
አብሽር፣ አላመጣውም።

ቃሉ_ናፍጣ
ሐይቅ ማዶ ወንድሜ፣ የናፍጣ ሰዎች ስትል ጠራኸኝ፣ እንግዲህ ቻለኝ፣ ረዘም አደርገዋለሁ።

እኛ ጋራዥ የሚገባው «ማን» (MAN) የሚባለው ከባድ መኪና ሞተሩ 12 ሊትር ምናምን ሆኖ 400 ምናምን ፈረስ ይሰጣል። ያው ኩባንያ ለጀልባ የሚሠራው ቪ12 ደግሞ 24 ሊትር ነው፤ ጉልበቱ ግን 2,000። ሞተሩ እጥፍ፣ ጉልበቱ አምስት እጥፍ። ይህ ጉልበት ከሰማይ አልወረደም። አንደኛ ቱርቦው ነው። ሁለተኛ ማቀዝቀዣው፤ የኛ መኪና ሐረጎን በከባድ ማርሽ ስትወጣ የሚያቀዘቅዛት ያቺ የምታገኛት ነፋስ ናት፣ ጀልባው ግን ባሕሩን በሙሉ ለራዲያተር አግኝቷል። ሦስተኛውን ነው ሰው የሚረሳው፦ ያ ቁጥር የተሰጠው በዓመት ጥቂት መቶ ሰዓት ለሚሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከሙሉ ጉልበቱ በታች ለሚነዳ ሞተር ነው። ተሳቢ ላይ ጭነኸው ጅቡቲ ብትልከው ዕድሜው አጭር ነው።

ስለዚህ እኔ ጉልበቱን ለሊትር አካፍዬ ነው የማየው። ካት (ካተርፒላር) ሲ32 የሚባለው ሞተር 32 ሊትር ሆኖ 1,900 ፈረስ አካባቢ ነው፣ በሊትር 60። የአንተ ኤምቲዩ 35.7 ሊትር ነው፣ 2,635 ሲካፈል 74 ገደማ። «ማን» ከ80 ይበልጣል። ሁሉም ጥሩ ሞተር ነው፤ «ማን»ን አልነቅፍም፣ እንጀራዬ ነው። ግን ከጨመቁት ሞተር ይልቅ ያላስጨነቁት ቴስታታው ይከርማል። ሀትራሱ ካት ያለው ከሆነ እኔ ከሀትራስ ጋር ነኝ።

ደግሞ አንዱን ደብቀኸናል። በሰዓት ስንት ይጠጣል?

ሐይቅ_ማዶ
ቃሉ፣ አልደበቅሁም፣ አፍሬ ነው። ሁለቱ 2,635 ሙሉ ሲረገጡ ተደምረው በሰዓት ወደ 1,000 ሊትር ናፍጣ ነው። አንድ ተሳቢ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ከሚጠጣው ይበልጣል፣ በአንድ ሰዓት። ማንም እስከ ጥግ ረግጦ አይውልም፤ በደህናው ፍጥነት ሲሄድ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል፣ መንጠቆ ሲጎትት ደግሞ በጣም ይወርዳል።

ስለ ጭመቃው ያልከው ልክ ነው፤ እኛም የምንነዳው ከ80 በመቶ ሳናሳልፍ ነው። ግን ጀልባ ላይ ሞተር የሚገድለው ጭመቃ ብቻ አይደለም። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የማየው የባሕር ውኃ ማጣሪያውን ነው። ክዳኑ ብርጭቆ ነው፤ ቡናማ የባሕር ሣር ተጠምጥሞበት ወይም ጄሊፊሽ እንደ ቀለጠ ላስቲክ ተለጥፎበት አገኘዋለሁ። ቫልቩን ዘግቼ አውጥቼ አጥቤ እመልሳለሁ። ቀጥሎ ዚንኩን፤ ጨው ሌላውን ብረት እንዳይበላ በፈቃዱ የሚበላው ቁራጭ ነው፣ ግማሹ ካለቀ ይቀየራል። ወለሉን ነጭ የሚቀቡት ለውበት አይደለም፤ አንዲት የዘይት ጠብታ ብትወርድ ቶሎ እንድትታይ ነው። ታዲያ ትልቁ ቫይኪንግ ላይ ሞተሩን ዙሪያውን ቆሜ እሠራለሁ፤ አንዳንዱ ጀልባ ላይ ከውጪ በኩል ያለውን ማጣሪያ ለመፍታት በሆድ መሳብ አለ። መካኒክ ነህ፣ ይገባሃል።

ጋሼ_ምፅዋ
ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ። የወረኢሉ ሰው ነኝ፤ በቀድሞው ባሕር ኃይል ምፅዋ አገልግያለሁ። ስለ ሞተር ብዙ አላችሁ፤ ስለ ቀፎው፣ ማለት ውኃውን ስለሚገጥመው የጀልባው ሆድ፣ አንድ ሰው እንኳ አላነሣም። ሞተር ጀልባን ይገፋል፣ ሰው የሚያተርፈው ግን ቀፎ ነው።

በ1960 ከማያሚ ወደ ናሶ በተደረገው ውድድር ሞፒ የምትባል ጀልባ በኃይለኛ ማዕበል አሸነፈች። ቀፎዋን የነደፈው ሬይ ሃንት ነበር፤ ሆዱ ከፊት እስከ ኋላ ድረስ ሹል የሆነ፣ ጥልቅ ቪ የሚባለው። ባለቤቷ ዲክ በርትራም ከዚያች ተነሥቶ ባለ 31 ጫማውን በርትራም ሠራ፤ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ ተከተለው። ሹል ሆድ ማዕበሉን ይሰነጥቃል፣ ወገብ አይሰብርም። ግን ዋጋ አለው፤ ሲቆም ይንከባለላል። ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው ቀስ እያለ ወይም ቆሞ ነው። ስለዚህ የዛሬዎቹ ትልልቆች ከፊት ሹል፣ ወደኋላ እየሄዱ ጠፍጠፍ የሚሉ ናቸው። ልዩነታቸው ያለው በዚህ ሽግግር ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማስታወቂያ ላይ አታገኙትም።

ከኋላ በሚመጣ ማዕበል ፈትኑት። ፊት ለፊት የሚመጣውን ሁሉም ያልፈዋል። ማዕበሉ ኋላውን አንሥቶ አፍንጫውን ወደታች ሲቀብረው፣ ጀልባው መሪ አልታዘዝ ብሎ በጎን ሊዞር የሚሞክር ከሆነ፣ ሳሎኑ በወርቅ ቢለበጥ አልገዛውም።

ሐይቅ_ማዶ
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንደርስዎ ያለ ሰው እዚህ ቤት መኖሩን አላውቅም ነበር። መንከባለሉን አሁን በጋይሮ ነው የሚያሸንፉት፤ አየር የሌለበት ቤት ውስጥ የሚሽከረከር ከባድ የብረት ጎማ ነው፣ ሲኪፐር የሚባለው በጣም የተለመደ ነው። ጀልባው ቆሞ እያለ ልዩነቱ ያስገርማል። ከኋላ ለሚመጣው ማዕበል ግን የሚረዳው ነገር የለም፣ እሱ የቀፎው ጉዳይ ነው እንዳሉት።

ቦርከና_ዱባይ
እኔም ዱባይ ማሪና ላይ ጥገና ነው የምሠራው፣ ስለዚህ ትንሽ ልናገር። ሐይቅ ማዶ፣ ሀትራስን ባለቤቱ ስለተለዋወጠ ዝቅ ማድረግህ ደስ አላለኝም። የፋብሪካው ሰዎች ያው ናቸው። ጂቲ የሚባሉትን የሀትራስ ሞዴሎች ሆድ አይተሃል? ፕሮፔለሩ የሚገባበት ዋሻ ተቀርጾለታል። ዘንጉ ብዙ ሳያዘነብል ይገፋል፣ ጥልቀቱም ይቀንሳል። ባሃማስ ውስጥ ደለል ላይ ለሚገባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሌላው ሙቀት ነው። እዚህ ባሕረ ሰላጤው ላይ በበጋ የባሕሩ ውኃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ለአሜሪካ ሰሜን ታስቦ የመጣ ማቀዝቀዣ እዚህ ሲደርስ አቅም ያንሰዋል፤ ሳሎኑም አይቀዘቅዝ፣ ሞተሩም ቶሎ ይሞቃል። አሠሪህ ወደ ሞቃት ውኃ የሚሄድ ከሆነ ከሳሎኑ ቆዳ በፊት የማቀዝቀዣውን አቅም ይጠይቅ።

የእንጨቱን ግን ተወው በለው። በቀጭን ሳንቃ ላይ ሳንቃ በኤፖክሲ እየተጣበቀ፣ በላዩ ፋይበርግላስ እየተለበሰ የሚሠራ ነው፤ ቀላልም ጠንካራም ነው፣ አልክድም። ግን ዓመታት ትጠብቃለህ፣ ስትሸጠው ደግሞ ገዢው አንድ ሰው ነው፤ ያንተን ፍላጎት የሚፈልግ ሰው።

ሐይቅ_ማዶ
ቦርከና፣ ዋሻው ወደፊት ሲሄድ ያልከውን ሁሉ ያደርጋል። እኔ የምሟገተው ወደኋላ ሲሄድ ነው። ወደኋላ ሲነዳ ፕሮፔለሩ የሚስበው ውኃ በዋሻው ጠርዝ ይታነቃል፤ ጀልባው እንደልብ አይነክስም። ይህ የኔ ግምገማ ነው፣ በሁለቱም የሠራ ካፒቴን ሌላ ሊልህ ይችላል።

የቫይኪንግ ወገን የሆንኩበትን ምክንያትም ልንገርህ። በ1991 የአሜሪካ መንግሥት ከ100,000 ዶላር በላይ በሆነ ጀልባ ላይ፣ ከዚያ በላይ ባለው ዋጋ፣ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ጣለ። ባለጸጋው መግዛቱን ተወው፤ የተጎዳው ሠራተኛው ነው። የቫይኪንግ ፋብሪካ ከሺህ በላይ ሰው የነበረው ወደ ጥቂት ደርዘን ወረደ። ሂሊዎቹ በሩን ሊዘጉት ይችሉ ነበር፤ የራሳቸውን ገንዘብ እያስገቡ አቆዩት፣ ዋሽንግተን ድረስም ተሟገቱ። ግብሩ በ1993 ተነሣ። እንዲህ ያለ ቤት ከ20 ዓመት በኋላ መለዋወጫ ስጠይቀው ስልኩን ያነሣልኛል ብዬ አምናለሁ።

እንጨቱን በተመለከተ፦ ለሽያጭ ልክ ነህ። ለዓሣ ግን አይደለህም። ጀልባ ሲያድግ መሪው ከፍ ይላል፣ ከኋላው ግድግዳም ይርቃል። ባለ 90ው ላይ ካፒቴኑ የኋላውን ማዕዘን ለማየት አንገቱን ማስረዘም አለበት፤ ዓሣው የሚጠፋው ደግሞ እዚያች ማዕዘን ላይ ነው፣ ክሩ ከግድግዳው ሥር ሲገባ። ባለ 60 ምናምን እንጨት አንዱን ሞተር ወደፊት፣ አንዱን ወደኋላ ስታደርገው ባለበት ይዞራል።

ሸዋበር_ፒያሳ
እኔ የምለው፣ አሠሪህ ግን ዓሣ ሊበላ ነው ወይስ ጀልባ ሊያሳይ?

ሰብለ_ሐይቅ
ቤተሰባችን በሐይቁ ዓሣ ነው የሚተዳደረው፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነብ ነበር። ሐይቅ ማዶ ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ያን ያህል ናፍጣ አቃጥላችሁ የያዛችሁትን ማርሊን የት ነው የምትሸጡት? ኪሎው ስንት ይሄዳል?

ሐይቅ_ማዶ
ሰብልዬ፣ አይሸጥም። አሜሪካ ውስጥ፣ ከሃዋይና ከአንዳንድ የፓስፊክ ደሴቶች በቀር፣ ማርሊን መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎኑ ላይ ትንሽ ምልክት ይተከልበትና ይለቀቃል፣ መንጠቆው ተነቅሎለት። ከጥቂት ደቂቃ እስከ ብዙ ሰዓት ታግለሽ፣ ታቅፈሽ ፎቶ እንኳ ሳትነሺ፣ ሂድ ትይዋለሽ።

የሚመዘነው በውድድር ጊዜ ነው፣ ያውም ትልቁ ብቻ። ውድድር ስልሽ ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ ሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ ከ1974 ጀምሮ በየዓመቱ የሚደረግ አለ፣ ሽልማቱ በሚሊዮን ዶላር ነው፣ አሸናፊው ገንዘቡን ከመውሰዱ በፊት በውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ይፈተናል። በ2016 አንዱ ፈተናውን ወድቆ 2.8 ሚሊዮን ዶላር ቀርቶበታል። ፍርድ ቤት ሄዶም አልሆነለትም።

ሰብለ_ሐይቅ
በሞትኩት! 2.8 ሚሊዮን ዶላር በአንድ ዓሣ! እኛ ቆሮሶ በጠዋት አውጥተን አስፋልቱ ዳር እስኪሸጥ ድረስ ፀሐይ ሳያበላሸው እንሯሯጣለን። ዓሣ እየለቀቁ ናፍጣ ማቃጠል ለኔ አይዋጥልኝም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። መረቡ ዓይኑ ጠቦ ጫጩቱን ሁሉ እያወጣ ሐይቁ መሳሳቱን ሳስብ ግን፣ መልቀቁን እንኳ እኛ ብንማረው አይከፋም ነበር።

ጋሼ_ምፅዋ
ልጄ ሰብለ፣ ደህና አልሽ። እኔም በአገልግሎት ዘመኔ ከመርከብ ላይ ክር ጥለን የያዝነውን በሙሉ በልተናል፤ የለቀቅነው አልነበረም።

ቃሉ_ናፍጣ
ከክሩ ሳንወጣ፦ ቦርከና ያነሣው ሙቀት እኔን አሳምኖኛል። ካት ብዬ ነበር፣ አሁንም ካት ነው የምለው፤ ነገር ግን ሐይቅ ማዶ፣ የምትገዙት የትኛውንም ይሁን፣ ለሙከራ ስትወጡ የባሕሩን ውኃ ሙቀት ጻፍና ሞተሩ ሙሉ ሲረገጥ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚቆም እይ። ሻጭ ሁሌ ጠዋት በቀዝቃዛው ነው የሚያወጣችሁ። ከሰዓት ይሁን በሉት። ታንከሩም ሙሉ ይሁን፣ ውኃውም። ባዶ ጀልባ ሲሮጥ ማየት ባዶ ተሳቢ ሐረጎን ሲወጣ ማየት ነው።

ሐይቅ_ማዶ
ይህን ለካፒቴኑ በቃል አልነግረውም፣ ተርጉሜ ነው የምሰጠው። የጋሼንም አብሬ፦ ማዕበሉ ከኋላ ሲመጣ ይሞከር። የኔ ሦስተኛ ይሆናል፤ ወደኋላ ለረጅም ደቂቃ ይነዳ፣ መደቡ ላይ የገባው ውኃ በስንት ጊዜ እንደሚወጣ በሰዓት ይያዝ። ለሦስቱም ሻጮች አንድ ዓይነት ፈተና። እምቢ ያለ ካለ እሱም መልስ ነው።

ቦርከና_ዱባይ
እምቢ የሚል አይኖርም፣ የዋጋውን ልክ እያየህ! ግን ሀትራሱ ወደኋላ ሲነዳ ቪዲዮ ቅረጽልኝ፤ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።

ሰብለ_ሐይቅ
እናንተ ስለ 2,635 ስታወሩ እኔ ስለ 15 ልጠይቅ። ማኅበራችን አንድ ፋይበርግላስ ጀልባ አለው፣ 15 ፈረስ የቤንዚን ሞተር ከኋላው ተንጠልጥሎለታል። አራት ሰውና መረብ ሲጫን አይነሣም፣ አፍንጫውን ሰቅሎ ያጓራል። የሸጠልን ሰው 25 ካልገዛችሁ አይሆንም ይላል። ቃሉ፣ እውነቱን ነው?

ቃሉ_ናፍጣ
እህቴ፣ ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት ቆይ። ሐይቃችን ያለው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ስለዚህ የእናንተ 15 እዚያ ሲደርስ 12 ነው። ፕሮፔለሩ ግን የተመረጠው ባሕር ወለል ላይ 15 ለሚሰጥ ሞተር ነው፣ ስለዚህ ይከብደዋል፣ ዙሩ አይሞላም። በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ዝቅ ያለ ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋበት ርቀት) ያለው ፕሮፔለር ቀይሩበት፤ ዋጋው ከአዲስ ሞተር ጋር አይወዳደርም። ከተቀየረም በኋላ ካልተነሣ ያኔ ስለ 25 እናወራለን። ፕሮፔለሩ መሐል ላይ ወይም ክንፉ ሥር ሁለት ቁጥር ተቀርጿል፣ የመጀመሪያው ስፋቱ፣ ሁለተኛው ፒቹ ነው። እሱን ጻፊልኝ።

ሰብለ_ሐይቅ
አሁን ወንድሜን ልኬው አየው። የመጀመሪያው 9 ከሩብ ይላል። ሁለተኛው ድንጋይ መትቶት ተፍቋል፤ 11 ወይም 12 ነው አለኝ።

ቃሉ_ናፍጣ
11ም ይሁን 12 ለእናንተ ይበዛል። 9 ወይም 10 ፈልጉ። ሞዴሉንም ላኪልኝ፣ የጥርሱ ቁጥር ይለያያል።